የመቄዶንያ ስም የማን ነው?

(በራዲዮ የተነገረ)

ክቡራን አንባብያን፤ መቄዶንያ የሚለው ስም ለጆሯችሁ እንግዳ አይደለም። የሐዋርያት ሥራን ያነበበ ሁሉ፥ ቅዱስ ጳውሎስ በጢሮአዳ ሳለ አንድ የመቄዶንያ ሰው በሌሊት ራእይ ታይቶት መጥቶ እንዲረዳቸው እንደ ለመነው፥ ሐዋርያውም ባሕሩን ተሻግሮ ወደ ፊልጵስዩስ፥ ወደ ተሰሎንቄና ወደ ቤርያ እንደ ሄደ ያውቃል። የግዕዝ መጻሕፍትን የተመለከተ ሰውም ዜና እስክንድር በተባለው መጽሐፍ ውስጥ የመቄዶንያውን ንጉሥ ታሪክ ያገኘዋል። በከተማችን በአዲስ አበባም አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን የሚረዱበት አንድ ማዕከል በዚሁ ስም ይጠራል። እኛ ይህን ስም ስንጠራው የሚቈጣን የለም፤ በማን ፈቃድ ጠራችሁት ብሎ የሚጠይቀንም የለም።

ስሙ ዕለት በዕለት በሚነገርበት አገር ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል ሆኖ አልተገኘም። በዚህ አንድ ቃል የተነሣ ግሪክና ሰሜናዊት ጎረቤትዋ ከ1991 እስከ 2018 ዓ. ም. ድረስ 27 ዓመት ተከራክረዋል። በመካከሉ ድንበር ተዘግቷል፤ ሰንደቅ ዓላማ ተለውጧል፤ ሚኒስትር ከሥልጣኑ ተነሥቷል፤ ጉዳዩም እስከ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ደርሷል። ከሩቅ ሆኖ ለሚመለከት ሰው ስለ ስም ይህን ያኽል መካሰስ የሕፃናት ጠብ ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን ስም በመዝገብ የሚጻፍ፥ በማኅተም የሚቀረጽ፥ በፓስፖርት የሚታተም፥ እንደ ርስትም ለልጅ የሚተላለፍ ነገር መሆኑን ከመንግሥት ሠራተኛ ይልቅ የሚያውቀው የለም። ስለዚህ ሁለቱ ወገኖች እያንዳንዳቸው ምን ይፈሩ እንደ ነበር፥ በመጨረሻም በምን ዘዴ እንደ ተስማሙ በአጭሩ ለመግለጽ እንሞክራለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር መሆናቸው ይታወቅ።

ስሙ የተጓዘበት መንገድ

ጥንታዊቱ መቄዶንያ ከኦሊምፖስ ተራራ በስተ ሰሜን የተመሠረተች መንግሥት ነበረች። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ359 እስከ 336 ዓመት የነገሠው ዳግማዊ ፊልጶስ አገሩን አበረታ፤ በ338 ዓመትም በኬሮንያ ጦርነት አቴናንና ቴቤስን ድል ነሣ። ልጁ ታላቁ እስክንድር የፋርስን መንግሥት አፍርሶ እስከ ሕንድ ከዘመተ በኋላ በ323 ዓመት በባቢሎን ሞተ። በዚያ መንግሥት ድንጋዮች ላይ ተቀርጾ የተገኘው ጽሑፍ ግሪክኛ ነው፤ ነገሥታቱም ትውልዳቸውን ከግሪክ ጀግኖች ይቈጥሩ ነበር። ይሁን እንጂ የአቴናው ተናጋሪ ዴሞስቴንስ ፊልጶስን አረመኔ እያለ ይነቅፈው ነበር። እንግዲህ መቄዶንያዊ ማነው የሚለው ክርክር ገና በዚያን ጊዜ ተጀምሮ ነበር ለማለት ይቻላል። በ168 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ሮማውያን ንጉሡን ፐርሴዎስን በፒድና ድል ሲነሡ የዚያ መንግሥት ታሪክ ተፈጸመ።

መንግሥቱ ቢጠፋም ስሙ አልጠፋም፤ ነገር ግን በአንድ ቦታ ረግቶ አልተቀመጠም። መጀመሪያ የሮማ ጠቅላይ ግዛት ስም ሆነ። ኋላም በቢዛንታይን ዘመን ከጥንቱ መቄዶንያ እጅግ በስተ ምሥራቅ፥ በአድሪያኖፕል አካባቢ ያለው አገር በዚህ ስም ይጠራ ዠመር። ከ867 እስከ 1056 ዓ. ም. በቍስጥንጥንያ የነገሠው ቤተ መንግሥት «የመቄዶንያ ሥርወ መንግሥት» የተባለውም መሥራቹ ቀዳማዊ ባስልዮስ ከዚያ ግዛት ስለ ተነሣ ነው እንጂ ከፊልጶስና ከእስክንድር ወገን ስለ ሆነ አይደለም። ከዚህ እንደምናስተውለው የቦታ ስም እንደ ተራራ ተተክሎ የሚኖር አይደለም፤ የሚገዛው መንግሥት በፈቀደው ስፍራ የሚተከል ድንኳን ይመስላል።

በዚህ መካከል በ6ኛውና በ7ኛው ክፍለ ዘመን የስላቭ ነገዶች ከሰሜን ወርደው በባልካን ምድር ተቀመጡ። በ9ኛው ክፍለ ዘመን የተሰሎንቄ ተወላጆች የሆኑት ወንድማማቾች ቄርሎስና መቶድዮስ ለስላቮች ቋንቋ ፊደል አበጁ። ደቀ መዛሙርታቸው ቀሌምንጦስና ናኡምም በኦህሪድ ሐይቅ ዳር ትምህርት አስፋፉ። እነዚህ ስላቮች ከእስክንድር ዘመን ወደ 1000 ዓመት ዘግይተው የመጡ መሆናቸው ለኋላው ክርክር ዋና ነጥብ ስለ ሆነ ልብ ይባል። እንዲሁም በዚያ ምድር ላይ መኖር ከዠመሩ ከ1300 ዓመት በላይ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እስከ 1912 ዓ. ም. አገሩን የኦቶማን ቱርክ መንግሥት ገዛው። በዚያን ጊዜ መቄዶንያ የሚባል ጠቅላይ ግዛት አልነበረም፤ አገሩ በተሰሎንቄ፥ በሞናስቲርና በኮሶቮ ግዛቶች ተከፋፍሎ ይተዳደር ነበር። በአንድ ገበያ ላይ ግሪኩ፥ ስላቩ፥ ቱርኩ፥ አልባኒያዊው፥ ቭላኩና አይሁዳዊው ይገናኙ ነበር። ፈረንሳዮች ልዩ ልዩ አትክልት የተደባለቀበትን ሰላጣ «ማሴድዋን» ብለው የሚጠሩት ከዚሁ ከሕዝቡ መደባለቅ የተነሣ ነው ይባላል።

የቱርክ ኀይል እየደከመ በሄደ ጊዜ ግን ያ ድብልቅ ሕዝብ «አንተ የማን ነህ?» ተብሎ ይጠየቅ ዠመር። በ1870 ዓ. ም. የቡልጋሪያ ቤተ ክርስቲያን ራስዋን የቻለች መሆንዋ በሱልጣኑ ከታወቀ በኋላ፥ ግሪኮች፥ ቡልጋሪያኖችና ሰርቦች በየመንደሩ ትምህርት ቤትና ቤተ ክርስቲያን እየከፈቱ አንዱን ሕፃን እያንዳንዳቸው ወደየራሳቸው ይስቡት ነበር። አባቱ በግሪክ ትምህርት ቤት፥ ልጁ በቡልጋሪያ ትምህርት ቤት የተማረበት ቤተ ሰብ ጥቂት አልነበረም። ኦገስት 2 ቀን 1903 ዓ. ም. በቅዱስ ኤልያስ በዓል በቱርኮች ላይ ዐመፅ ተነሥቶ በክሩሼቮ ከተማ 10 ቀን ያኽል የቆየ ሪፑብሊክ ተቋቋመ። በዚያው ዓመት ክርስቴ ሚሲርኮቭ የሚባል ሊቅ በሶፍያ ባሳተመው መጽሐፍ፥ የመቄዶንያ ስላቮች ከቡልጋሪያም ከሰርቢያም የተለየ ሕዝብ መሆናቸውንና የራሳቸው የጽሑፍ ቋንቋ የሚያስፈልጋቸው መሆኑን አስረዳ።

በ1912 እና በ1913 ዓ. ም. የባልካን ጦርነቶች ቱርክ ከተባረረች በኋላ ምድሩ በቡካሬስት ውል ተከፈለ። ግማሽ ያኽሉ ለግሪክ፥ ከግማሽ የሚያንሰው ለሰርቢያ፥ አንድ ዐሥረኛ ያኽሉም ለቡልጋሪያ ደረሰ። የኋላው ጠብ ሁሉ ሥሩ እዚህ ላይ ነው። ምድሩ ለሦስት ሲከፈል ስሙ ግን ሳይከፈል ቀርቷል።

ሁለቱ ወገኖች የሚፈሩት

ክቡራን አንባብያን፤ ዳኛ የሁለቱንም ወገን ቃል ሳይሰማ አይፈርድምና፥ አስቀድመን የግሪኮችን ቃል እንስማ።

በ1923 ዓ. ም. በግሪክና በቱርክ መካከል የሕዝብ ልውውጥ በተደረገ ጊዜ ከአንድ ሚልዮን የሚበልጡ ግሪኮች ከታናሽ እስያና ከሌላውም የቱርክ አገር ተነቅለው መጡ። ከእነርሱ እጅግ ብዙዎቹ የሰፈሩት በግሪክ መቄዶንያ ነው። ቤታቸውን አንድ ጊዜ ያጡ ሰዎች ሁለተኛ እንዳያጡ ይሠጋሉ። ከ1946 እስከ 1949 ዓ. ም. በግሪክ የእርስ በርስ ጦርነት ሲደረግ ከዐማፅያኑ ጋር ብዙ ስላቮች ተሰልፈው ነበር፤ ከድንበሩ ማዶ ያለችው ዩጎዝላቪያም ዐማፅያኑን ትረዳ ነበር። ስለዚህ «መቄዶንያ» የሚል መንግሥት በሰሜን ሲቆም ብዙ ግሪኮች የሚታያቸው ተሰሎንቄን የሚመኝ ጎረቤት ነው። ከዚህም ጋር በግሪክ መቄዶንያ የሚኖሩ ከሁለት ሚልዮን የሚበልጡ ግሪኮች ራሳቸውን መቄዶንያውያን ብለው ይጠራሉ። «ሌላው ሕዝብ ይህን ስም ብቻውን ከያዘው እኛ ማን ልንባል ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። በ1977 ዓ. ም. ማኖሊስ አንድሮኒኮስ የተባለው ሊቅ በቬርጊና የነገሥታት መቃብር ቈፍሮ፥ ባለ 16 ጨረር ኮከብ የተቀረጸበት የወርቅ ሣጥን ባገኘ ጊዜ ይህ የርስት ስሜት እጅግ በረታ።

አሁን ደግሞ የሌላውን ወገን ቃል እንስማ። እነዚህ ስላቮች በሰርቢያ አገዛዝ ሥር ሰርቦች ናችሁ ይባሉ ነበር፤ በቡልጋሪያ ቡልጋሪያኖች፥ በግሪክም የስላቭ ቋንቋ የሚናገሩ ግሪኮች ይባሉ ነበር። በግሪክ የመንደሮቻቸው ስም በግሪክኛ ተለወጠ፤ ከ1936 ዓ. ም. በኋላም በሜታክሳስ አምባገነን አገዛዝ ቋንቋቸውን መናገር ያስቀጣቸው ነበር። ኦገስት 2 ቀን 1944 ዓ. ም. በጦርነቱ መካከል ተወካዮቻቸው በአንድ ገዳም ተሰብስበው የመቄዶንያን መንግሥት በዩጎዝላቪያ ፌዴሬሽን ውስጥ አቋቋሙ፤ በ1945 ዓ. ም. ፊደላቸውና የአጻጻፍ ሥርዓታቸው ጸደቀ። በእርስ በርሱ ጦርነት ከግሪክ የተሰደዱት ግን ብዙ ዓመት ወደ ቤታቸው ሊመለሱ አልቻሉም። በ1982 ዓ. ም. የግሪክ መንግሥት ስደተኞቹ እንዲመለሱ ሲፈቅድም ፈቃዱ በትውልድ ግሪክ ለሆኑት ብቻ ነበር። ስለዚህ እነርሱ፥ «ሌሎች ከዚህ ስም በቀር ሌላ ስም አላቸው፤ ግሪኩ ግሪክ ይባላል። እኛ ግን ይህ ከተወሰደብን ስም አልባ እንቀራለን» ይላሉ።

እንግዲህ ልብ በሉ። አንዱ ወገን የሚፈራው ታሪኩን መሰረቅ ነው፤ ሌላው የሚፈራው እንደሌለ መቈጠርን ነው። ሁለቱም ፍርሃቶች ከእውነተኛ መከራ የተወለዱ ስለ ሆኑ አንዱን በሌላው ለመሻር አይቻልም።

የ27 ዓመት ክርክር

ዩጎዝላቪያ በፈረሰች ጊዜ፥ ሴፕቴምበር 8 ቀን 1991 ዓ. ም. በስኮፕዬ ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ አዲሱ መንግሥት ነጻነቱን አወጀ። ጎረቤቱን እንዳያሠጋ ብሎም በጃንዋሪ 1992 ዓ. ም. በሌላ አገር መሬት ላይ ምንም ይገባኛል ባይነት እንደሌለው በሕገ መንግሥቱ ጨመረ። ነገር ግን በዚያው ዓመት ባለ 16 ጨረሩን የቬርጊና ኮከብ በሰንደቅ ዓላማው ላይ አደረገው። ይህም በግሪኮች ዘንድ በእሳት ላይ ዘይት ጨመረ። በፌብሩዋሪ 1992 ዓ. ም. በተሰሎንቄ በብዙ መቶ ሺሕ የሚቈጠር ሕዝብ ወጥቶ «መቄዶንያ ግሪካዊት ናት» እያለ ጮኸ። በኤፕሪልም የግሪክ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አንቶኒስ ሳማራስ በዚሁ ጉዳይ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋር ባለመስማማታቸው ከሥልጣናቸው ተነሡ።

አዲሱ መንግሥት ኤፕሪል 8 ቀን 1993 ዓ. ም. ወደ ተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሲገባ «የቀድሞዪቱ የዩጎዝላቪያ ሪፑብሊክ መቄዶንያ» በሚል ጊዜያዊ መጠሪያ ነበር። እዚህ ላይ የቢሮ ሥራ የሚያውቅ አንባቢ ፈገግ ሳይል አይቀርም። በጉባኤው አዳራሽ አገሮች የሚቀመጡት በፊደል ተራ ነው፤ ይህ አገር በየትኛው ፊደል ይቀመጥ? በ«ኤም» ቢቀመጥ ግሪክ ትቃወማለች፤ «የቀድሞዪቱ» በሚለው ቃል በ«ኤፍ» ቢቀመጥ ባለ ጉዳዩ ቅር ይለዋል። በመጨረሻ በእንግሊዝኛው መጠሪያ መነሻ ላይ ያለችው «ዘ» የምትባል ትንሽ ቃል ተቈጥራ አገሩ በ«ቲ» ረድፍ ከታይላንድ አጠገብ ተቀመጠ። ሰንደቅ ዓላማውም እስከ 1995 ዓ. ም. ድረስ በድርጅቱ ግቢ አልተሰቀለም።

በፌብሩዋሪ 1994 ዓ. ም. ግሪክ ድንበርዋንና የተሰሎንቄን ወደብ በጎረቤትዋ ንግድ ላይ ዘጋች። ባሕር የሌለው ድኻ አገር 20 ወር ያኽል ተጨነቀ። ሴፕቴምበር 13 ቀን 1995 ዓ. ም. በኒው ዮርክ ጊዜያዊ ስምምነት ተፈረመ፤ ኮከቡ ከሰንደቅ ዓላማው ወረደ፤ ድንበሩም ተከፈተ። በዚህ ስምምነት ውስጥ የሁለቱም አገር ስም አልተጻፈም። አንዱ «የመጀመሪያው ተዋዋይ» ሌላው «ሁለተኛው ተዋዋይ» ተብለው፥ ማንነታቸውም በዋና ከተሞቻቸው በአቴናና በስኮፕዬ ታውቆ ፈረሙ። ስም ሳይኖርም ውል መዋዋል እንደሚቻል ይህ አስረዳ። ሆኖም እንዲህ ያለ ውል ጠብን የሚያሳድር እንጂ የሚያስታርቅ አልሆነም።

አሜሪካዊው ዲፕሎማት ማቲው ኒሜትዝ በመጀመሪያ ለመንግሥታቸው፥ ከ1999 ዓ. ም. በኋላ ደግሞ ለተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ተልከው ሲሸመግሉ ኖሩ። ሽማግሌው እየተመላለሱ ሳለ ግን ባለ ጉዳዮቹ ነገሩን ያከሩት ነበር። የስኮፕዬ መንግሥት በ2006 ዓ. ም. አውሮፕላን ማረፊያውን በታላቁ እስክንድር ስም ጠራው፤ በ2011 ዓ. ም. በከተማው መካከል በፈረስ የተቀመጠ የጦር ሰው ታላቅ ሐውልት አቆመ። ሐውልቱ በይፋ «ጦረኛ በፈረስ ላይ» ቢባልም እስክንድር መሆኑ ለማንም የተሰወረ አልነበረም። ከስላቮቹ ብዙዎቹ ሊቃውንት ራሳቸው ይህን ነገር አልወደዱትም፤ የራሳቸው የሆነው ታሪክ የኦህሪድና የክሩሼቮ ታሪክ ሳለ የሌላ ዘመን ጀግና መዋስ አያስፈልግም ይሉ ነበርና። ግሪክም በበኩልዋ በ2008 ዓ. ም. በቡካሬስት ጉባኤ አገሩ ወደ ሰሜን አትላንቲክ የጦር ቃል ኪዳን እንዳይጋበዝ አገደች። ነገሩ ወደ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ሄዶ፥ ዲሴምበር 5 ቀን 2011 ዓ. ም. ዳኞቹ 15 ለ1 በሆነ ድምፅ ግሪክ የ1995ቱን ስምምነት አፍርሳለች ብለው ፈረዱ። ፍርዱ ለአንዱ ወገን ክብር ሆነለት፤ ደጁን ግን አልከፈተለትም።

በጊዜው ከ100 የሚበልጡ መንግሥታት አገሩን «የመቄዶንያ ሪፑብሊክ» ብለው አውቀውት ነበር። ይሁን እንጂ የዓለም ሁሉ እውቅና የአንዱን ጎረቤት እውቅና ሊተካ አልቻለም።

የፕሬስፓ ውል

በ2017 ዓ. ም. በስኮፕዬ ዞራን ዛኤቭ ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆኑ ነገሩ መልክ ለወጠ። የአውሮፕላን ማረፊያው ስም ተነሣ፤ ወደ ግሪክ የሚወስደው አውራ ጎዳናም «ወዳጅነት» ተባለ። በአቴና ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አሌክሲስ ጺፕራስም እጃቸውን ዘረጉ። ጁን 17 ቀን 2018 ዓ. ም. በሁለቱ አገሮች ወሰን ላይ ባለው በፕሬስፓ ሐይቅ ዳር፥ ፕሳራዴስ በምትባል የግሪክ መንደር የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮቹ ኒኮስ ኮትዚያስና ኒኮላ ዲሚትሮቭ ውሉን ፈረሙ።

በዚህ ውል መሠረት አገሩ «የሰሜን መቄዶንያ ሪፑብሊክ» ተባለ፤ ይህም ስም በውጭ ብቻ ሳይሆን በአገር ውስጥም የሚሠራበት እንዲሆን ተወሰነ። ቋንቋው «የመቄዶንያ ቋንቋ» ተብሎ ጸና፤ ነገር ግን ከደቡብ ስላቭ ቋንቋዎች ወገን መሆኑ ተጻፈ። ዜግነቱ «መቄዶንያዊ፥ የሰሜን መቄዶንያ ሪፑብሊክ ዜጋ» ተብሎ እንዲጻፍ ተስማሙ። የቬርጊና ኮከብም ከሕዝብ አደባባዮችና ከመንግሥት ቤቶች እንዲነሣ፥ የትምህርት መጻሕፍትንም የሚመረምር የሁለቱ አገሮች የሊቃውንት ኮሚቴ እንዲቋቋም ተደረገ።

የውሉ ልብ ግን 7ኛው አንቀጽ ነው። በዚህ አንቀጽ ሁለቱ ወገኖች «መቄዶንያ» እና «መቄዶንያዊ» የሚሉትን ቃላት በየራሳቸው ትርጕም የሚረዷቸው መሆኑን ጽፈው አመኑ። ግሪክ እነዚህን ቃላት ስትናገር ከጥንት ጀምሮ እስከ ዛሬ ያለውን የሰሜን ግዛትዋን፥ የሕዝቡን፥ የግሪክን ታሪክና ቅርስ ማለትዋ ነው። ጎረቤትዋ ስትናገር ደግሞ የራስዋን ምድር፥ ቋንቋ፥ ሕዝብና የተለየ ታሪክ ማለትዋ ነው፤ ይህም ከጥንታዊው የግሪክ ሥልጣኔ ጋር ዝምድና እንደሌለው ታውቋል።

ክቡራን አንባብያን፤ ይህን ዘዴ በጥንቃቄ ተመልከቱት። 27 ዓመት ሙሉ የተጠየቀው ጥያቄ «ስሙ የማን ነው?» የሚል ነበር። እንዲህ ያለ ጥያቄ አንዱን ባለ ርስት ሌላውን ወራሪ ከማድረግ በቀር መልስ የለውም። በፕሬስፓ ግን ጥያቄው ተለወጠና «አንተ ይህን ስም ስትጠራ ምን ማለትህ ነው?» ተባለ። ይህኛው ጥያቄ ለሁለቱም መልስ አለው። ስሙ አልተከፈለም፤ ትርጕሙ ግን ተለይቶ ተጻፈ። ግሪኩ ታሪኩ እንዳልተወሰደበት የተጻፈ ማስረጃ አገኘ፤ ስላቩም ራሱን በሚጠራበት ስም የመጠራት መብቱን ከዚያው ከከለከለው ጎረቤት እጅ ተቀበለ።

ዋጋው ቀላል አልነበረም። በሴፕቴምበር 30 ቀን 2018 ዓ. ም. በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ከመረጡት ከመቶ ከ90 የሚበልጡት ውሉን ቢደግፉም፥ የመረጠው ሕዝብ ከመቶ 37 ያኽል ብቻ ነበር፤ ብዙው ሰው በቤቱ በመቅረት ቅሬታውን ገለጠ። ፕሬዚዳንቱ ጆርጌ ኢቫኖቭም በሕጉ ላይ አንፈርምም አሉ። ጃንዋሪ 11 ቀን 2019 ዓ. ም. የስኮፕዬ ምክር ቤት ከ120 አባሎቹ በ81 ድምፅ ሕገ መንግሥቱን አሻሻለ። በ25ኛው ቀን የአቴና ምክር ቤት ከ300 አባሎቹ በ153 ድምፅ ውሉን አጸደቀ። በአቴና አደባባይም ተቃዋሚው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነበር። በዚያው ዓመት በጁላይ ጺፕራስ በምርጫ ተሸነፉ። ውሉን ሲቃወም የነበረው ወገን ሥልጣን ቢይዝም ውሉን ግን አላፈረሰም፤ የመንግሥት ቃል መንግሥት ሲለወጥ አይለወጥምና። ሰሜን መቄዶንያም በማርች 2020 ዓ. ም. የጦሩ ቃል ኪዳን 30ኛ አባል ሆነች።

ከዚህ በኋላ የቀረው ሥራ የቢሮ ሠራተኞች ሥራ ነበር። በየሚኒስቴሩ በር ላይ ያለው ጽሕፈት፥ ማኅተሙ፥ ቅጹ፥ የመኪናው ሰሌዳ ሁሉ ተለወጠ። የቀድሞው ስም የታተመባቸው ፓስፖርቶችም ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2024 ዓ. ም. ላይ አገልግሎታቸው አበቃ። በዚያን ሰሞን በፓስፖርት መሥሪያ ቤት ደጅ የተሰለፈው ሕዝብ፥ የታላላቅ ሰዎች ፊርማ በመጨረሻ የሚወርደው በተራው ሰው ትከሻ ላይ መሆኑን ያውቀዋል።

ያልተፈጸመው ነገር

ክርክሩ በዚህ ሙሉ በሙሉ አለቀ ለማለት አይቻልም። በሜይ 2024 ዓ. ም. አዲስ የተመረጡት ፕሬዚዳንት ጎርዳና ሲልያኖቭስካ ዳቭኮቫ ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ «ሰሜን» የሚለውን ቃል ትተው «መቄዶንያ» ብቻ ስላሉ የግሪክ አምባሳደር ከአዳራሹ ወጥተዋል። በሌላ በኩልም ቡልጋሪያ በ1992 ዓ. ም. መንግሥቱን ከሁሉ አስቀድማ ብታውቅም ቋንቋውን ግን የቡልጋሪያኛ ልጅ ነው እንጂ ራሱን የቻለ ቋንቋ አይደለም ትላለች። በ1999 ዓ. ም. ሁለቱ አገሮች አንድ መግለጫ ሲፈርሙ እያንዳንዱን ቋንቋ በየአገሩ ሕገ መንግሥት መሠረት እንደሚጠሩት ገልጸው ጽፈዋል። በ2020 ዓ. ም. መጨረሻም ቡልጋሪያ በዚሁ የታሪክና የቋንቋ ክርክር ምክንያት ጎረቤትዋ ወደ አውሮጳ ኅብረት የምታደርገውን ጉዞ አግዳለች። አገሩ ስሙን የለወጠው የኅብረቱ በር እንዲከፈትለት ነበርና፥ ይህ እገዳ ውሉን በደገፉት ሰዎች ዘንድ ታላቅ ሐዘን አሳደረ።

ይሁን እንጂ ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት ጽኑ ነው። ጥንታዊ ስም የሞቱ ሰዎች ሥራና የሕያዋን ሰዎች መጠሪያ በአንድነት ይይዛል። ሙታኑን ብቻ የሚያይ ሰው ሕያው ጎረቤቱን ስም አልባ ያደርገዋል፤ ሕያዋኑን ብቻ የሚያይም የሌላውን አባት መቃብር ይዘርፋል። እኛም ራሳችን ይህን ከሩቅ አናየውም፤ አባቶቻችን ዜና እስክንድርን በግዕዝ ሲጽፉ የመቄዶንያውን ንጉሥ እግዚአብሔርን የሚፈራ ምእመን አድርገው የራሳቸው ሰው አድርገውት ነበር። እስክንድር በሞተ ከ2300 ዓመት በኋላ ስለ እርሱ የሚናገር ሁሉ ከእርሱ ይልቅ ስለ ራሱ ይናገራል።

ስለዚህ ክቡራን አንባብያን፤ ከእንግዲህ በጋዜጣ ላይ የሰሜን መቄዶንያን ስም ስታነቡ፥ «ሰሜን» የምትለው አንዲት ቃል የ27 ዓመት ሽምግልና ዋጋ መሆንዋን አስቡ። አንዱ ወገን ያችን ቃል ለመቀበል፥ ሌላውም ከእርስዋ ቀጥሎ ያለውን ቃል ለመፍቀድ እኩል ተቸግረዋል።